ስለ ኅዳር 11ዱ ስልክና ስላልተገናኙት ሴንሰሮች የቀረበ ቅሬታ

ጅማ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

የቡና ማኅበራችን ሴንሰሮችንና ልኬታቸውን የሚመዘግበውን ሎገር ከእናንተ ገዝቷል። የግዢውን ታሪክ ከመጀመሪያው አልደግምም። ፕሮፎርማው፣ ውሉና ደረሰኙ እናንተ ጋ አለ። ለሽያጭ ክፍላችሁ አራት ጊዜ ጽፌያለሁ። ስንት ጊዜ እንደደወልኩ መቁጠሩን ትቼዋለሁ። ዛሬ በቀጥታ ለእርስዎ የምጽፈው ባለፈው ሐሙስ በስልክ በተነገረን ነገር ምክንያት ነው።

ቴክኒሻናችሁ ማክሰኞ ኅዳር 9 ጅማ ይገባሉ ተብሎ ነበር። የሽያጭ ሠራተኛችሁ ናት በቴሌግራም የጻፈችልኝ፤ "ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት እናንተ ጋ ይደርሳል" ብላ። ጠበቅን። ሎገሩን ከካርቶኑ አወጣን፣ ገመዶቹን ዘረጋን፣ መሰላል ተዋስን። ለእንግዳ ምሳ ተሠርቶ ነበር። አልመጡም። ረቡዕ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ተነሳልኝ።

ያነሱት ቴክኒሻኑ ራሳቸው ነበሩ። እኔ የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ ጋ ቆሜያለሁ፣ የማኅበራችን አባላት ቡና እያገላበጡ ነው። ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌዋለሁ። "ወንድሜ፣ ማክሰኞ ስንጠብቅዎ ነበር" አልኳቸው። "እመጣለሁ ብሎ ማን ነገረሽ?" አሉኝ። መልእክቱን አነበብኩላቸው። "እሷ የኔን ፕሮግራም አታውቅም" አሉ። እኔ "እርስዎ" እያልኩ እሳቸው "አንቺ" እያሉኝ መሆኑን ልብ ብያለሁ፤ ግን ሥራው ይቅደም ብዬ ወደ ችግሩ ገባሁ።

አምስቱ ሴንሰሮች አንድ ላይ ሲሰኩ ሎገሩ ምንም እንደማያነብ፣ አንድ በአንድ ሲሰኩ ግን ሁሉም እንደሚሠሩ ነገርኳቸው። "ገመዱ ረዝሞባችሁ ነው" አሉ። ረጅሙ 35 ሜትር ነው አልኩ። "በቃ፣ እሱ ነው" አሉ። "አድራሻቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ይመስለኛል፤ ስክሪኑ ላይ ሁሉም 0 ነው የሚሉት" ስላቸው ሳቁ። ከዚያ ያሉት ቃል በቃል ይኸው፦ "እህቴ፣ ይሄ ዕቃ የተሠራው ለተማረ ሰው ነው፣ ለገበሬ አይደለም። መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ።" ስልኩ ተዘጋ። የተቋረጠው በኔትወርክ አልነበረም። መልሼ ስደውል ይጠራል፣ አይነሳም።

ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ለዚያ ሎገር ከትርፍ ድርሻቸው ያዋጡት ሰዎች ቆመው ሰሙት። ከመካከላቸው አባ ብለን የምንጠራቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ከአርባ ዓመት በላይ ቡና አድርቀዋል። ፍሬውን በጥርሳቸው ነክሰው መድረቁን ይነግሩናል። ሴንሰር እንግዛ ሲባል በስብሰባው ላይ መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ናቸው። "ልጄ፣ ምንድነው ያለው ሰውዬው?" ብለው ጠየቁኝ። ሰምተውታል። መልስ አጣሁ። እስከ ዛሬ ያንን ጥያቄያቸውን ነው የማስበው።

አሁን ወደተሳቀብኝ ነገር ልምጣ። የሸጣችሁልን ሦስት የአፈር እርጥበትና ሁለት የአየር ሙቀትና እርጥበት ሴንሰሮች በኤስዲአይ-12 የሚሠሩ ናቸው፤ ይህ ብዙ ሴንሰሮች በአንድ የዳታ ሽቦ ከሎገር ጋር የሚነጋገሩበት ዘዴ ነው። እያንዳንዳቸው ሦስት ሽቦ አላቸው፤ አንዱ ለኃይል፣ አንዱ ለግራውንድ፣ አንዱ ለዳታ። የአምስቱም የዳታ ሽቦ ሎገሩ ላይ በአንድ መግቢያ መግባት ይችላል። ይህን ዓይነት የመረጥነውም ለዚሁ ነው። ግን ሎገሩ ለይቶ እንዲጠራቸው እያንዳንዱ የራሱ አድራሻ ያስፈልገዋል። ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙውን ጊዜ ሁሉም 0 ናቸው። ሎገሩ 0 ብሎ ሲጠራ አምስቱም በአንዴ አቤት ይላሉ፤ መልሱ ይደባለቅና ምንም አይነበብም። መፍትሔው አንድ በአንድ እየሰኩ ለአንዱ 1፣ ለሌላው 2 እያሉ አድራሻ መስጠት ነው። ደቂቃዎች ናቸው የሚፈጀው። ገመዱም ቢሆን እስከ 60 ሜትር ይፈቀዳል፤ የኛ የዚያ ግማሽ ብዙም አያልፍም።

እኛው እንዳንሠራው የሎገሩ የይለፍ ቃል እናንተ ጋ ነው። ሦስት ጊዜ ጠይቄ "ለዋስትናው ሲባል አንሰጥም" ተብያለሁ። ይሁን፣ አትስጡ። እንግዲያው መጥታችሁ ሥሩት። ፕሮፎርማው ላይ "ሁሉንም ሴንሰር ከሎገሩ ጋር አገናኝቶ፣ ሞክሮ ማስረከብ" የሚል ተራ አለ። ለብቻው ዋጋ ተጽፎበት ከፍለንበታል።

የዝናብ መለኪያው ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ አድራሻ የለውም። ውስጡ ያለችው ትንሽ ባልዲ ሞልታ በተገለበጠች ቁጥር አንድ ምት ይሰጣል፤ በኛው መለኪያ አንድ ምት 0.2 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። ስለዚህ ምት በሚቆጥር መግቢያ ላይ ነው መሰካት ያለበት። የላካችሁልን ሥዕል ግን ከአምስቱ ጋር በአንድ ላይ ሰክቶታል። ይህን ያየ ሰው በድርጅታችሁ አልነበረም ማለት ነው?

ከተነሳ አይቀር፣ ገመዱን 35 ሜትር ብለን አዝዘን የመጣልን 5 ሜትር ነው። የቀረውን ሂርማታ ገበያ ሄደን በኪሳችን ገዛን። የአውቶቡስ ጭነቱን እናንተ ትከፍላላችሁ ተብሎ እኛ ከፈልን። ደረሰኙ ላይ የማኅበሩ ስም ተሳስቷል፤ ይስተካከላል ከተባለ ወር አለፈ። እነዚህን ሁሉ እስካሁን ዝም ብያቸው ነበር።

የምቸኩለው ኅዳር ስለሆነ ነው። እሸቱ ተለቅሞ አልጋ ላይ ነው። እርጥበቱ 12 በመቶ ገደማ ሳይደርስ መጋዘን ከገባ ይሻግታል። ቀን ፀሐይ ሆኖ ሌሊት ጤዛ ይወርዳል፤ ሽፋኑ ከዘገየ የደረቀው መልሶ ይረጥባል። ሌሊት አልጋው ጋና መጋዘኑ ውስጥ አየሩ ምን እንደሚሆን ሎገሩ በየ15 ደቂቃው ይመዘግብልናል ብለን ነበር። ለጊዜው የመጋዘኑን ብቻ ሰክቼ እየሠራሁ ነው። አራቱ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ይህ አዝመራ ካለፈ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ነው።

መጀመሪያ ልጠይቅ ያሰብኩት የይለፍ ቃሉን ብቻ ነበር። ከሐሙስ በኋላ ግን ይህ አይበቃኝም። እስከ ማክሰኞ ኅዳር 23 ድረስ ቴክኒሻን በራሳችሁ ወጪ ይምጣ። አምስቱን አድራሻ ሰጥቶ፣ የዝናብ መለኪያውን በትክክለኛው መግቢያ ሰክቶ፣ ስድስቱም አንድ ሙሉ ቀን መመዝገባቸውን አብሮን አይቶ ይሂድ። የይለፍ ቃሉንም በጽሑፍ ይስጠን፤ ዕቃው የኛ ነው። የገመዱና የጭነቱ ገንዘብ ይመለስ። ያንን ቃል የተናገሩት ሰው ደግሞ ለእኔ ሳይሆን ለአባና አጠገባቸው ለነበሩት አባላት ደውለው ይቅርታ ይጠይቁ። እኔ ስልኩን ላውድ ላይ አደርገዋለሁ።

ይህ ካልሆነ ዕቃውን እንዳለ መልሰን ሙሉ ክፍያችንን እንጠይቃለን፤ አዲስ አበባ ለንግድ ቢሮም አቤት እንላለን። የማኅበሩ ኮሚቴ ቅዳሜ ተሰብስቦ ወስኖበታል።

ስትደውሉ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ይሁን። ከዚያ በፊት የአልጋዎቹን ሽፋን እየገለጥን ነው።

ከአክብሮት ጋር
የማኅበሩ የቡና ጥራት ተቆጣጣሪ

ግልባጭ፦ ለማኅበሩ ኮሚቴ