ሳይሳሳቡ የሚጠጋጉ

ይድረስ ለወንድሜ ለሰይድ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። «ሐዋሳ ገብቶ ጠፋ» እያልክ ስታማኝ እንደከረምክ አውቃለሁ። ይሁና። ስልክ ላይ «አለህ?» «አለሁ» ከመባባል ቁጭ ብሎ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ሥራዬ ያው ደም ነው። ጠዋት ባጃጅ ይዤ እገባለሁ፤ እስከ ማታ ከላብራቶሪ አልወጣም። ሐኪሞቹ በየቀኑ ኢኤስአር ያዛሉ። ደሙን ቀጭን ቱቦ ውስጥ ሞልቼ ቀጥ አድርጌ አቆመዋለሁ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀዩ ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ አነባለሁ። የጤነኛ ሰው ደም ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ሰውነቱ የተቆጣ ሰው ደም ግን ፈጥኖ ቁልቁል ይላል፣ ከላይ ፕላዝማ የሚባለው ቢጫው የደም ፈሳሽ ብቻውን ይቀራል። ጠብታውን በማይክሮስኮፕ ስታየው ቀይ ሴሎቹ ጠፍጣፋ ፊታቸውን ገጥመው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው ታገኛቸዋለህ። የሚፈጥኑትም ለዚህ ነው።

ነገሩ ግን አልዋጥልህ አለኝ። የቀይ ሴል ገጽ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። መገፋፋት ሲገባቸው ማን አጠጋጋቸው? የምናውቀው በሕመም ጊዜ ፕላዝማው ውስጥ ፋይብሪኖጅን የሚባለው ረጅም ፕሮቲን እንደሚበዛ ነው። ፕሮቲኑ ራሱ ድልድይ ሆኖ ያያይዛቸዋል የሚሉ አሉ። ሌላው ማብራሪያ ግን ጉድ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝም እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 አሳኩራና ኦሳዋ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን አንድ ሐሳብ አወጡ። የሰርግ ድንኳን ውስጥ ክብ ጠረጴዛዎች አሉ እንበል፣ ልጆች በመሃል ይሯሯጣሉ። ሁለት ጠረጴዛዎች በጣም ተቀራርበው መሃላቸው ልጅ የማያስገባ ከሆነ፣ ልጆቹ እየተላተሙ የሚገፏቸው ከውጭ ብቻ ነው። ከውስጥ መልሶ የሚገፋ የለም። ስለዚህ ጠረጴዛዎቹ ይገጥማሉ፣ ለልጆቹም መሯሯጫው ይሰፋል። ጠረጴዛ ጠረጴዛን አልሳበም እኮ! ጠረጴዛዎቹ ኮሎይድ የሚባሉት ደቃቅ ቅንጣቶች ናቸው፣ ልጆቹ ደግሞ ፖሊመር የሚባሉት እንደ ክር ረጅም ሆነው የተጠቀለሉ ሞለኪውሎች። በደሙም ጠረጴዛዎቹ ቀይ ሴሎቹ፣ ልጆቹ ፋይብሪኖጅኑ ናቸው ማለት ነው። የፖሊመሩ ብዛት የመጠጋጋቱን ጉልበት ይወስናል፤ የፖሊመሩ መጠን ደግሞ ከምን ያህል ርቀት እንደሚጀምር።

ከዚህ በኋላ ነው የሚጥመው። ወተት የመሰለ የቅንጣትና የፖሊመር ድብልቅ በብልቃጥ አድርገህ ታስቀምጠዋለህ፣ ራሱን በራሱ ይለያያል። ፖሊመሩ ከቅንጣቱ በጣም ካነሰ ከላይ የሳሳ ፈሳሽ፣ ከታች ክሪስታል፣ ማለትም ቅንጣቶቹ በሥርዓት የተደረደሩበት ክፍል ይሆናል። ከቅንጣቱ ሢሶ ገደማ ሲያልፍ ደግሞ ሦስት ንብርብር ሊታይ ይችላል፦ እንደ ጋዝ የሳሳ፣ እንደ ፈሳሽ የወፈረ፣ ከሥር ክሪስታል። ፖሊመሩን ካበዛኸው ግን ቅንጣቶቹ ቦታቸውን ሳያስተካክሉ እንደተገናኙ ይጣበቁና ጄል ሆነው ይቀራሉ። የመሬት ስበት ቅንጣቶቹን እያወረደ ስለሚያበላሽባቸው፣ ተመራማሪዎች ናሙናዎቹን እስከ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ድረስ ልከው ጠፈርተኞች ፎቶ እንዲያነሱላቸው አድርገዋል። ለብልቃጥ ይህ ሁሉ ወጪ!

ለመደርደርማ ፖሊመርም ግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ፒዩሲና ቫን ሜገን የተባሉ ተመራማሪዎች ከፕላስቲክ የተሠሩ፣ የማይሳሳቡ ድብልብል ቅንጣቶችን ፈሳሽ ውስጥ አጨናነቁ። ቅንጣቶቹ ከቦታው 49 በመቶ ያህሉን ሲይዙ ክሪስታል መታየት ይጀምራል፤ 54 በመቶ ገደማ ሲደርሱ ሁሉም ይደረደራል። በሥርዓት ሲቆሙ እያንዳንዱ ቅንጣት መወዛወዣ ቦታ ያገኛል፣ ዝብርቅርቅ ብለው ሲጨናነቁ ግን መላወሻ ያጣሉ። ለካ ሥርዓትም ከትርምስ ይወጣል።

አሁን ወደ አንተ ሥራ ልምጣ። የምትሸጠው የኦፓል ድንጋይም የዚሁ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አውስትራሊያ ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ሲሊካ ከሚባለው ማዕድን የሆኑ እኩል እኩል ድብልብሎች ተደርድረው ተገኙ። ቀለም አልተቀባም፤ ድርድሩ ነው ብርሃኑን የሚመርጠው። ቀይ የሚያበራው ድብልብሎቹ ተለቅ ያሉ ናቸው፣ ሰማያዊ ብቻ የሚሰጠው ደቃቆች። ቀዩን ለምን አስወድደህ እንደምትሸጥ ለደንበኛ የምትነግረው አንድ ነገር አገኘህ ማለት ነው። የወገል ጤናው ኦፓል ውስጡ ከአውስትራሊያው ትንሽ ይለያል፣ ውሃም ይጠጣል። ይህን ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ።

እና ልለምንህ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘህ ለገበያ የማይሆን ስባሪ ላክልኝ። ድብልብሎቹን እንኳ የእኔ ማይክሮስኮፕ አያሳየኝም፣ ለሱ በጣም ያንሳሉ። ውሃ ውስጥ ነክሬ ቀለሙ ሲጠፋና ሲደርቅ ሲመለስ በዓይኔ ላየው ነው የፈለግኩት። ዋጋውን ንገረኝ፣ በነፃ አልቀበልም። ደግሞ እንደ ደንበኛ እንዳታስወድድብኝ።

ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ያንተው ታምራት
ሐዋሳ