ካርዱ ላይ ያልተፃፈው የልጄ እጅ

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

እዚሁ ባህር ዳር ሽምቢጥ አካባቢ የምኖር የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ልጄ 2 ዓመት ከ5 ወር ሆኖታል፣ ግራ እጁን ከትከሻው በላይ ማንሳት አይችልም። የምፅፈው ሰው እንዲታሰርልኝ ብዬ አይደለም፣ የወለድኩበትንም ቦታ ስም አልጠራም፣ ግን ዝም ብል ነገ ሌላዋ እናት እንደኔው "ይስተካከላል" ተብላ ወደ ቤቷ ትሸኛለች፣ ይሄ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

ምጡ ማታ ጀመረኝ፣ ሊነጋ ሲል የልጁ ጭንቅላት ወጣና ትከሻው ቀረ። ከዛ በኋላ ያለውን እንደ ህልም ነው ማስታውሰው፣ አንዷ ሆዴን ከላይ ወደ ታች በሁለት እጇ ትጫናለች፣ አንዱ ጭንቅላቱን ይዞ ይስባል፣ "ግፊ እንጂ" ይሉኛል፣ እኔ ማርያም ማርያም እላለሁ። በመጨረሻ ወጣ፣ 4 ኪሎ ከ300፣ አለቀሰ፣ እልል ተባለ። በማግስቱ እናቴ ልብስ ስትቀይርለት "ምነው ይሄ እጁ አይንቀሳቀስ?" አለች። አየሁት፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፣ መዳፉ ወደ ኋላ ዞሯል። ተረኛዋን ጠየቅኳት፣ "ሲወጣ ትንሽ ተይዞ ነው፣ ይስተካከላል" አለችኝና ካርዱን ሰጥታኝ ሸኘችን። ካርዱ ላይ ስለ እጁ አንድ ቃል የለም።

ከዛማ ምን ልበላችሁ፣ ሁሉም የመሰለውን ይላል፣ አንዷ ብርድ ነው አለች፣ አንዷ ወጌሻ ጋ ውሰጂው አለች፣ ወሰድኩት፣ አሹት፣ ልጁ አለቀሰ እጁ ግን ያው ነው። በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሳ ውሀው ሲነካው ደንግጦ ቀኝ እጁ ተዘረጋ፣ ግራው ዝም አለ፣ የክርስትና አባቱ ሳይቀር አይቶ አቀረቀረ። ክትባትም በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንቱ አንድም ሳላስቀር ወስጄዋለሁ። ሶስት ጊዜ ባለሙያ ልጄን አይቶታል እኮ! መዝነው፣ ወግተው፣ ቀጣዩን ቀጠሮ ፅፈው ሰጡኝ፣ አንድም ሰው ሁለቱን እጁን አነፃፅሮ አላየም። እኔም ሀኪም ይስተካከላል ካለ ይስተካከላል ብዬ ቁጭ አልኩ፣ እሱ ነው እስከዛሬ የሚቆጨኝ።

9 ወሩ ላይ መዳህ አቅቶት በአንድ ጎኑ ሲሳብ የህፃናት ሀኪም ጋ ወሰድኩት። ሀኪሙ እግዜር ይስጠውና ወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳኝ። ከአንገት አከርካሪ ወጥተው ወደ ክንድ የሚወርዱ አምስት ነርቮች አሉ፣ ትከሻው ተይዞ አንገቱ በሀይል ሲሳብ የላይኞቹ ይለጠጣሉ ወይ ይበጠሳሉ፣ ትከሻ ማንሳትና ክርን ማጠፍ የሚቀረውም ለዛ ነው አለኝ። የተለጠጠው ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል፣ የተበጠሰው ግን አይድንም፣ ልጁ 3 ወር ሞልቶት ክርኑን ማጠፍ ካልጀመረ የነርቭ ኦፕራሲዮን የሚሰራ ሀኪም ሊያየው ይገባ ነበር አለ። ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ጡንቻው ደግሞ ነርቩን ዝም ብሎ አይጠብቅም፣ ይሟሽሻል። 3 ወር! እኔ 9 ወር ቁጭ ብዬ ነበር። አዲስ አበባ ሪፈር ተፅፎልን ተራ እስኪደርሰን ዓመት ሞላው፣ እዛም ረፍዷል ተባልን፣ አሁን ፊዚዮቴራፒ ብቻ ነው የቀረን፣ ጠዋት ማታ እኔው እቤት እጁን አነሳለታለሁ።

የትከሻ መያዝ ሁሌ የባለሙያ ጥፋት ነው አልልም፣ አስቀድሞ ማወቅም ይከብዳል፣ ደቂቃዎች ናቸው ያሏቸው፣ ልጁ ሊታፈን ይችላል፣ ለሊት ስንት ወላድ በስንት አዋላጅ እንደሚያዝ አይቻለሁ። ግን የሚደረገው ይታወቃል። የእናትየውን ሁለት ጉልበት ወደ ሆዷ ማጠፍ፣ ከብልት አጥንቷ ከፍ ብሎ የልጁን ትከሻ መጫን፣ ጭንቅላቱን በሀይል አለመሳብ፣ ሆዷን ከላይ አለመግፋት፣ መግፋቱ ትከሻውን ይብስ ያጣብቀዋልና። ይሄን የነገረኝ ያው ሀኪም ነው፣ ስሰማ የዛን ለሊት የሆነው ሁሉ ተገላቢጦሽ እንደነበር ገባኝ።

ጠበቃም ጠይቄ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጥሶ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፣ ክሱ ግን በአንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። እኔ አዲስ አበባና ባህር ዳር ስመላለስ 2 ዓመቱ አለፈ። ደግሞስ ብከስ ምን ይዤ? ካርዱ ላይ ትከሻው መያዙ አልተፃፈ፣ ማን እንዳዋለደኝ አልተፃፈ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አልተፃፈ።

ስለዚ የምለምነው ይሄን ነው። ልጁ ሲወጣ ትከሻው ከተያዘ ያንኑ እለት ይፃፍ፣ እጁ ካልተንቀሳቀሰ አጥንት መሰበሩም ይታይ፣ እናትየዋ ከመውጣቷ በፊት "3 ወር ሲሆነው ክርኑን ካላጠፈ ይዘሽው ነይ" ተብላ ይነገራት፣ ካርዷ ላይም ይስፈርላት። ገጠር ላለችውማ፣ ከዘጌ በጀልባ ተሻግራ ለምትመጣው፣ የሚነግራት ሌላ ሰው የለም። የክትባት ክፍል ያላችሁም እህቶቼ፣ በ14 ሳምንቱ ሲመጣ ህፃኑ 3 ወር አልፎታል፣ ከመውጋታችሁ በፊት ሁለቱንም እጁን እዩልን፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አንዲት እናት፣ ከባህር ዳር