የአቦሸማኔ ግልገል ኤግዚቢት ክፍል ውስጥ አይቀመጥም

በምሥራቅ ኢትዮጵያ የዱር እንስሳትን ሕገወጥ ዝውውር እንዲቆጣጠሩ ኃላፊነት ለተሰጣቸው ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

የዚህ ደብዳቤ ፍሬ ነገር በመጀመሪያ የተጻፈው ለእርስዎ ብቻ ነበር። በመዝገብ ቤት ገብቷል፣ ገቢ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል። ከዚያ ወዲህ የሰማነው «እየታየ ነው» የሚል የስልክ መልስ ብቻ ነው። እኛ የእንስሳት ሐኪሞችና የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ነን። ጉዳዩ እየታየ ሳለ ግልገሎች ስለሞቱ ዛሬ በአደባባይ እንጽፋለን።

የሆነውን ያውቁታል፤ ሕዝብም ይወቀው። በአንድ ኬላ ላይ ከጭነት መኪና ውስጥ አራት የአቦሸማኔ ግልገሎች ተያዙ። የቲማቲም ሳጥን ውስጥ ተጠቅጥቀው ጆንያ ተደርቦባቸው ነበር። የፈተሹት ፖሊሶች ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል፤ በእነሱ ላይ ቅሬታ የለንም። ግልገሎቹ ስድስት ሳምንት ገደማ የሆናቸው ናቸው። በዚያ ዕድሜ ጤነኛ ግልገል ሁለት ኪሎ ይጠጋል፤ ከእነዚህ ትንሿ አንድ ኪሎ አትሞላም ነበር። በትከሻዋ መካከል ያለው ቆዳ በሁለት ጣት ተይዞ ሲለቀቅ ቆሞ ይቀራል፤ ድድዋ ደርቆ ጣት ላይ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ? «የክሱ ማስረጃ ናቸው፣ ያለ ትእዛዝ አይወጡም» ተብሎ ኤግዚቢት ክፍል ገቡ። ከተወረሰ ልባሽ ጨርቅና ከሲጋራ ካርቶን ጋር፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ። ያዘነላቸው ሰው ከሻይ ቤት የላም ወተት ገዝቶ በሳህን አስቀመጠላቸው። በማግስቱ ተቅማጥ ጀመራቸው። ሐኪም እንዲገባ የተፈቀደው ሦስቱ ከሞቱ በኋላ ነው። አራተኛዋም አልተረፈችም። የክሱ መዝገብ ደግሞ እስከ ዛሬ «አራት የነብር ግልገሎች» ነው የሚለው።

ይህ የአንድ ኬላ ጥፋት ቢሆን ኖሮ በስልክ ጨርሰነው ዝም ባልን። ግን የአሠራር ጉድለት ነው፤ አሠራሩን የሚወስነው ደግሞ የእርስዎ ፊርማ ነው።

አቦሸማኔ በዓለም ላይ የቀረው ሰባት ሺህ ገደማ ነው። በእኛ አካባቢ ያለው የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ዝርያ ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ነው። እናት ባንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ትወልዳለች፤ ለአደን ስትወጣ ግልገሎቿን ቁጥቋጦ ውስጥ ትታቸው ትሄዳለች፤ የሚሰረቁትም ያኔ ነው። ከሶማሌ ክልል፣ ከአፋርና ከሰሜን ኬንያ እየተሰበሰቡ ወደ ሶማሌላንድ ጠረፍ ይወርዳሉ፤ በጀልባ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግረው የመን፣ ከየመን በየብስ ሳዑዲ አረቢያና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ይገባሉ። አርብቶ አደሩ ጥቂት ገንዘብ ይዞ ይቀራል፤ ያው ግልገል ባሕሩን ሲሻገር በሺዎች ዶላር ይሸጣል። የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ በዚህ መንገድ ከአፍሪካ ቀንድ በዓመት 300 ያህል ግልገሎች እንደሚወጡ ይገምታል። ይኸው ድርጅት ሶማሌላንድ ውስጥ በሚያስተዳድረው ማእከል ከ90 በላይ የተወረሱ አቦሸማኔዎች አሉ። እዚያ ያሉት ከነነፍሳቸው የተረከቧቸው ናቸው። ድንበሩን ሳይሻገሩ እኛ የያዝናቸው ግን ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸው ይሞታሉ። ይህን ማንም ሊቀበለው አይገባም።

ሕግ የለም እንዳይሉን። አገራችን የሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን የሚቆጣጠረው ስምምነት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ አቦሸማኔ ደግሞ ከ1975 ጀምሮ ንግዳቸው በጥብቅ በተገደበው ዝርዝር አንድ ውስጥ ነው። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ከወጣ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ፈቃድ መያዝም ማዘዋወርም ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ባንኮክ ላይ በተካሄደው የሳይተስ ጉባኤ የአቦሸማኔን ሕገወጥ ንግድ ጉዳይ ካቀረቡት ሦስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ሌሎቹ ኬንያና ኡጋንዳ ናቸው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ አዳኝ አውሬ በግል ቤት ማኖርን ከልክላለች። ዓለም ፊት ቆመን የጠየቅነውን ጥበቃ በገዛ ኬላችን መንፈጋችን ነው የሚያንገበግበን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ግልገሉ ለክሱ ያስፈልጋል የሚለው ክርክር አይቆምም። ፍርድ ቤት የሚፈልገው እንስሳው ምን እንደሆነ፣ የት፣ መቼ፣ በማን እጅ እንደተያዘ ነው። ይህን ለማስረዳት የእያንዳንዱ ግልገል የፊት፣ የሁለቱም ጎንና የጅራት ፎቶ ከቀንና ሰዓት ጋር ይበቃል፤ የነጥቦቹ አቀማመጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ማንነቱ አይምታታም። ከሥሩ የተነቀለ አሥር ያህል ዘለላ ፀጉር በደረቅ የወረቀት ፖስታ ይታሸግ፤ ላስቲክ ውስጥ ከገባ ይሻግታል። የርክክብ ቃለ ጉባኤ በሦስት ቅጂ ይፈረም። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አይወስድም። እንስሳው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሲሄድ ማስረጃው መዝገቡ ላይ ይቀራል።

መለየቱም ቢሆን ከባድ አይደለም። ከዓይን ውስጠኛ ጥግ ተነሥቶ ወደ አፍ የሚወርድ ጥቁር መስመር ካለ አቦሸማኔ ነው፤ ነብር ይህ የለውም። የአቦሸማኔ ነጥብ ድፍን ነው፤ የነብር መሐሉ ክፍት ነው። የአቦሸማኔ ግልገል እስከ ሦስት ወር ዕድሜ ድረስ ከማጅራቱ እስከ ጀርባው ረዘም ያለ አመድማ ፀጉር ይኖረዋል። ይህን በአንድ ገጽ አትሞ በየኬላው ግድግዳ መለጠፍ የማንንም በጀት አያናጋም። አለመለጠፉ ግን ጠበቃ በቀላሉ የሚያፈርሰው መዝገብ ያስከፍታል፤ ነብር ተብሎ በተከሰሰበት ጉዳይ የቀረበው ፎቶ የአቦሸማኔ ከሆነ ዐቃቤ ሕጉ ምን ይዞ ይከራከራል?

ግልገሎቹን የገደለው ግን ከሁሉ በላይ የመጀመሪያው ሌሊት ነው። ስለዚህ በዚህ ላይ እንዘርዝር፤ የእርስዎ ሰርኩላር እስኪወጣ ድረስ ይህን ያነበበ የኬላ ኃላፊ ሁሉ ይጠቀምበት።

መጀመሪያ ማሞቅ ነው፤ መመገብ አይደለም። የበረደው ግልገል አንጀቱ አይሠራም፤ የገባለት ወተት ሆዱ ውስጥ ይቦካል፣ ይነፋዋል፣ ወይም ተመልሶ ሳምባው ይገባል። ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ሙቅ ውኃ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በካርቶን ውስጥ በግራና በቀኝ ማስቀመጥ ይበቃል። ያለ ጨርቅ ከሆነ ቆዳውን ያቃጥላል። ካርቶኑ ሰፋ ይበል፤ ሲሞቀው የሚሸሽበት ቦታ ያስፈልገዋል። ወንድማማቾችን አትለያዩ፤ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ፣ ይረጋጋሉም። በፊንጢጣ የሚለካው ሙቀት 37 ዲግሪ ሳይደርስ ምንም አይሰጥም። ጤነኛው ከ38 እስከ 39 ነው።

ቀጥሎ ውኃ። በየጤና ጣቢያው ያለው ለምለም (ኦ.አር.ኤስ.)፣ ለሰው ሕፃን እንደሚበጠበጠው አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ለብ ብሎ በሲሪንጅ ይሰጣል፤ መርፌው ተነቅሎ። አሰጣጡ ወሳኝ ነው። ግልገሉ በደረቱ ተኝቶ፣ አንገቱ በመጠኑ ቀና ብሎ፣ ከአፉ ጎን በጠብታ። እንደ ሕፃን በጀርባው አንጋሎ ማጠጣት ሳምባው ውስጥ መጨመር ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ በሳምባ ምች የሚሞቱት ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ነው። ለ800 ግራም ግልገል በአንድ ጊዜ ከ40 ሚሊ ሊትር አይለፍ፤ በየሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይደገም። መዋጥ ካቃተው አታስገድዱት፤ ያ ግልገል የሚያስፈልገው ከቆዳ ሥር በመርፌ የሚሰጥ ሪንገር ላክቴት የተባለ ፈሳሽ ነው፤ ይህን ደግሞ በወረዳ ያለ ማንኛውም የእንስሳት ሐኪም ያውቀዋል።

ወተት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም የላም አይደለም። የአቦሸማኔ ወተት ፕሮቲኑ የላሙን ሁለት እጥፍ ያልፋል፣ ስቡም ይበልጣል፤ የወተቱ ስኳር ግን ያነሰ ነው። የላሙን ስኳር የተራበ የግልገል አንጀት አይፈጨውም፤ ተቅማጥ ሆኖ ይወጣል፣ ያለችውን ጥቂት ውኃም ይዞ ይሄዳል። ለድመት ግልገል የተዘጋጀ ዱቄት ወተት ነው የሚያስፈልገው። እሱም ቢሆን ባንድ ጊዜ አይሰጥም፤ መጀመሪያ አንድ እጅ ወተት በሦስት እጅ ለምለም፣ ቀጥሎ እኩል በእኩል፣ በሁለተኛው ቀን መጨረሻ ላይ ሙሉ። ዱቄቱ እስኪደርስ ለአንድ ቀን በለምለም ብቻ መቆየት በላም ወተት ከመታከም እጅግ ይሻላል። ዓይናቸው ገና የተገለጠ ትንንሾች ከሆኑ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ በእርጥብ ሙቅ ጨርቅ ከጅራታቸው ሥር ማሸት ግድ ነው፤ እናት በምላሷ ካላነቃቻቸው ራሳቸው አይሸኑም።

ስድስት ሳምንት ያለፋቸው ሥጋ መቅመስ ይችላሉ፤ እዚህም ላይ አጥንት አልባ ቀይ ሥጋ ብቻ እየሰጡ ማቆየት የተለመደ ስሕተት ነው። በሥጋ ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጣል፤ ሰውነቱ የጎደለውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቱ ይመዛል። በሳምንታት ውስጥ እግሩ ይቆለመማል፣ ሲዘል ይሰበራል። ለአንድ ኪሎ ሥጋ ከ5 እስከ 10 ግራም የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት መጨመር ይህን ያስቀራል። በግቢው ያለ ድመት አጠገባቸው አይድረስ፤ የነካውም ሰው እጁን ይታጠብ። አቦሸማኔ በዘሩ እርስ በርሱ እጅግ ስለሚመሳሰል አንዱን የጣለ የድመት በሽታ ሌሎቹንም ሊጥል ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ኦሬገን በአንድ የእንስሳት ፓርክ የገባ የድመት ኮሮናቫይረስ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን አቦሸማኔዎች ጨርሷል።

ከሞተ ደግሞ አይቀበርም፣ አይቃጠልም። በላስቲክ ተጠቅልሎ በበረዶ ይቀመጥና በ24 ሰዓት ውስጥ ለምርመራ ይድረስ። ከእነዚያ አራቱ አንዱም አልተመረመረም፤ ቆዳቸው የት እንደገባ የሚያሳይ ወረቀትም የለም። ለዚህ መልስ እንጠብቃለን።

ስለ ፎቶውም እንናገራለን። ግልገሎቹ ኤግዚቢት ክፍል ሳሉ ኃላፊዎችና እንግዶች እየመጡ አቅፈዋቸው ፎቶ ተነሥተዋል፤ ፌስቡክ ላይ ወጥቷል፤ በሥሩ ከተጻፉት አስተያየቶች መካከል «እንዴት ነው የሚገዛው?» የሚል ነበር። ሰው አውሬ መውደዱን አንጠላም፤ ይህ ፍቅር ባይኖር ጥበቃም አይኖርም። ግን በክንድ የታቀፈ ግልገል ፎቶ ለነጋዴው ያለ ክፍያ የተሠራ ማስታወቂያ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያውን ያደራው በስልክ የሚዞረው ይኸው ዓይነት ምስል ነው። በዚያ ላይ ሌሊቱን በሙሉ ያልተኛ፣ ውኃ ያጠረው ግልገል ከእጅ እጅ መዞሩ ድካሙን ያፋጥነዋል። ለማስረጃ ከሚያስፈልገው በቀር ካሜራ ይከልከል።

ቦታ የለም የሚለውን ምክንያት ደግሞ አንቀበልም። በሆለታ አቅራቢያ እንሰሳኮቴ የተባለው፣ ቦርን ፍሪ የተሰኘው የዱር እንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የማገገሚያ ማእከል አቦሸማኔ ይዞ ያውቃል። ከጅግጅጋም ከድሬዳዋም ወደ አዲስ አበባ አውሮፕላን ይበራል። በመኪና ግን ከጅግጅጋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የደከመ ግልገል ይህን መንገድ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን መረጋጋት አለበት። በእጅ ያደገ አቦሸማኔ ደግሞ ወደ ዱር የሚመለስበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው፤ አደን የምታስተምረው እናቱ ናት፣ አብራው የምትቆየውም ዓመት ተኩል ያህል ነው። የተረፈው ሁሉ ከአሥር ዓመት በላይ በቀን እስከ ሁለት ኪሎ ሥጋ ይፈልጋል። ይህን ወጪ ዛሬ በበጀት ያልያዘ መሥሪያ ቤት በሚቀጥለው ጊዜ ግልገል ሲያዝም «የት እናድርጋቸው?» ማለቱ አይቀርም። ፍየሉ የተበላበት አርብቶ አደር ጉዳይም አለ፤ ካሳ ወይም ጠንካራ የእሾህ በረት የሌለው ሰው ግልገል ቢሸጥ እሱን ብቻ መክሰስ ፍትሕ አይሆንም። እሱን በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።

የምንጠይቀው በእርስዎ ሥልጣን ውስጥ ያለ ነገር ነው። በሕይወት ያለ የዱር እንስሳ በኤግዚቢት ክፍል እንዳይቀመጥ፣ ፎቶና ናሙና ተወስዶ በተያዘበት ቀን ለእንስሳት ሐኪም እንዲተላለፍ የሚያዝ ሰርኩላር ለየኬላው ይውጣ፤ ዐቃቤ ሕግም አብሮ ይፈርምበት። በዋና ዋናዎቹ ኬላዎች አንዳንድ ሳጥን ይቀመጥ፦ ብርድ ልብስ፣ ቴርሞሜትር፣ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ባለ 10 እና ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ አሥር ፓኬት ለምለም፣ አንድ ቆርቆሮ የድመት ዱቄት ወተት፣ ጓንት፣ የናሙና ፖስታ። ዱቄቱ የሚያልፍበት ቀን ስላለ በየስድስት ወሩ የሚያየው ሰው ስሙ ይታወቅ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ የስልክ ቁጥር ይሰጠን። ግልገሎቹ የተያዙት ዓርብ ማታ ነበር፤ እስከ ሰኞ ረፋድ ድረስ ፈቃድ መስጠት የሚችል አንድም ሰው ስልክ አላነሣም። ቅዳሜም እሁድም ሌሊትም የሚነሣ ቁጥር፣ ካነሣው ሰው የመወሰን ሥልጣን ጋር፣ በየኬላው በር ላይ ይለጠፍ።