ደላላው የሻጩ ነው፣ ጠበቃው ግን የራሳችሁ ይሁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በውጭ አገር ቤት ስለመግዛት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ብድሩ፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ ምንዛሬው ብዙ ተብሏል፤ ጥሩ ነው። ስለ ኤጀንቱ ግን ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «አስተማማኝ ኤጀንት ይፈልጉ»። ለመጻፍ ያነሳሳችኝ ይህቺ መስመር ናት። አስተማማኝ ለማን? እኔና ባለቤቴ ያገኘነው ኤጀንት ቀጠሮ አክባሪ፣ ትሁት፣ ስራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። የሚሰራው ግን ለሻጩ ነበር፤ እኛ ደግሞ ይሄን ያወቅነው ገንዘባችን ከሄደ በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስፔን፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ካሉት ከተሞች በአንዷ፣ አነስ ያለ አፓርታማ ልንገዛ ሄድን። የነበረን ጊዜ አራት ቀን ነው። ሰውየው አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ ተቀበለን፣ በራሱ መኪና ይዞን ዞረ፣ ምሳ ጋበዘን፣ ስለ ልጆቻችን ጠየቀ። ቋንቋውን ስለማናውቅ ከጎረቤትም፣ ከጥበቃውም፣ ከማንም ጋር የምናወራው በሱ በኩል ነበር። በሁለተኛው ቀን «የኛ ሰው» እያልን ነበር የምንጠራው። እንግዳ አገር ውስጥ ያለ ሰው የሚያምነው ሰው ይፈልጋል፤ የመጀመሪያውን ፈገግታ ይዞ ይሄዳል።

በመጀመሪያው ቀን ሦስት ቤት አሳየን። አንዱ ጨለማ፣ አንዱ አሳንሰር የሌለው፣ አንዱ ከምሽት ቤት በላይ። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ልክ በምትገባበት ሰዓት፣ አራተኛውን ከፈተልን። ሦስት መኝታ ቤት። ሦስተኛው ፊቱን ወደ ባሕሩ ያዞረ፣ ከዳር እስከ ዳር መስታወት። ባለቤቴ ምንም ሳይናገር እዚያ ክፍል ወለል ላይ ቁጭ አለ፤ ቤቱን እንደወደደው ገባኝ።

እኔ ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። ወለሉ ወደ መስታወቱ በኩል ትንሽ ዘንበል ይላል፣ እግሬ ተሰምቶታል። ጥጉ ላይ ደግሞ ክብ የውሃ መውረጃ አለ፣ ግማሹ በምንጣፍ ተሸፍኗል። መኝታ ቤት ውስጥ የውሃ መውረጃ ምን ይሰራል? አልጠየቅኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺ ክብ ቀዳዳ ከዓይኔ ጠፍታ አታውቅም።

ከዚያ የታወቀው ነገር መጣ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ገዢ ይመጣል ተባለ። ቤቱን ከገበያ ለማስወጣት 3,000 ዩሮ ብትሰጡ ይበቃል አለን። ሁለት ገጽ ወረቀት አወጣ፣ ሙሉውን በስፓኒሽ። «ቦታ መያዣ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም» ብሎ በቃሉ ተረጎመልን። ጠበቃ እንዳለን ጠየቀን። የለንም ስንለው፣ «ችግር የለም፣ ከደንበኞቼ ሁሉ ጋር የምትሰራ አንዲት ጎበዝ አለች» አለ። አመስግነነው ፈረምን።

የምታውቀኝ አንዲት ሴት፣ ቀደም ብላ እዚያው አገር ቤት የገዛች፣ ወሬውን ስነግራት ያለችኝ «ጠበቃዋን ማን ሰጠሽ?» ብቻ ነው። ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ የራሷን ጠበቃ ስልክ ሰጠችኝ። ያ ጠበቃ በዚያው ቀን «ኖታ ሲምፕሌ» የሚባለውን ወረቀት አወጣ። ይሄ ከንብረት ምዝገባ ቢሮ የሚገኝ አጭር መግለጫ ነው፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ቤቱ ላይ የባንክ እዳ ወይም እገዳ መኖር አለመኖሩን ይናገራል። በኢንተርኔት ሲጠየቅ ዋጋው 10 ዩሮ ገደማ ነው። እኛ 3,000 ዩሮ ስንሰጥ ይቺን 10 ዩሮ አላወጣንም ነበር።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቤት ባለ ሁለት መኝታ ነው። ሦስተኛው ክፍል ያለ ፈቃድ በመስታወት የተዘጋ በረንዳ ነበር። የውሃ መውረጃዋም የበረንዳው ነች። ማስታወቂያው ላይ የነበረው ስፋት ደግሞ ግድግዳውን፣ በረንዳውን፣ ከደረጃውና ከኮሪደሩ የሚደርሰውን ድርሻ ሁሉ የደመረ ነው፤ በእግር የሚረገጠው ስፋት በጣም ያነሰ ነበር። (በስፔን እነዚህ ሁለት የተለያዩ ልኮች ናቸው፣ ማስታወቂያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ትልቁ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።) በዚያ ላይ ሻጩ የሕንጻውን የጋራ መዋጮ ለዓመታት አልከፈለም። በስፔን ሕግ የያዝነው ዓመትና ያለፉት ሦስት ዓመታት ያልተከፈለ መዋጮ ቤቱን ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ማለትም አዲሱ ገዢ ሊጠየቅበት ይችላል። የኤጀንቱ ጠበቃ ግን «ሁሉም ሰላም ነው» ብላ ነበር የጻፈችልን።

ገንዘባችንን ስንጠይቅ የፈረምነው ወረቀት ቀብድ ሆኖ ተገኘ። የስፔን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1454 ግልጽ ነው፤ ገዢው ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ሻጩ ከተወ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ጠበቃችን ፍርድ ቤት ሄደን መከራከር እንደምንችል፣ ወጪው ግን ከ3,000 ዩሮ እንደሚበልጥ ነገረን። ተውነው። «የኛ ሰው» ስልክ ማንሳት አቆመ።

ይሄን የምጽፈው እሱን ለመርገም አይደለም። የሚያናድደኝ ነገሩ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ነው። ደላላ የሚበላው ሽያጩ ሲያልቅ ነው። እናንተ «ይቅርብኝ» ባላችሁ ቁጥር የሱ የሳምንት ድካም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ መጥፎ ሰው መሆን አይጠበቅበትም፤ የሚከፈልበት መንገድ ራሱ ወደ ሻጩ ይጎትተዋል። እንግሊዝ ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ሻጩ ነው፣ ኤጀንቱም የቆመው ለሻጩ ነው። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን ይወስዳል፤ ይሄን ሳያውቅ በጀቱን የሰራ ሰው መጨረሻ ላይ ይደነግጣል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ወዲህ የገዢ ኤጀንት ቤት ከማሳየቱ በፊት የጽሑፍ ውል ሊያስፈርማችሁ ይገባል፣ ክፍያውም እዚያ ላይ ይጻፋል። እዚያ ቢያንስ ማን ለማን እንደሚሰራ ከመጀመሪያው ወረቀት ላይ ይሰፍራል።

«ፈቃድ ያለው ኤጀንት» የሚባለውም እንደ አገሩ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣ ሕግ የሙያ ካርድ የሌለው ሰው ቤት ማሻሻጥ አይችልም። ፖርቱጋልም የፈቃድ ቁጥር አለ። ስፔን ግን እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሙያው ለማንም ክፍት ነው፤ እንደ ካታሎኒያ ያሉ አንዳንድ ክልሎች ናቸው ምዝገባ የሚያስገድዱት። ይሄን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ የሰውየው የሚያምር ቢሮና ሰሌዳ ያን ያህል ባላሞኘኝ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ የመኖሪያ ቤት የግዢ ውል የፈረመ ተራ ገዢ ሐሳቡን ለመቀየር 10 ቀን አለው፣ ምክንያት አይጠየቅም። እኛ እንዲህ ያለ 10 ቀን ቢኖረን ኖሮ ይሄን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ብዙ ሰው ደግሞ «ኖተሪው አለ አይደል» ይላል። ኖተሪው፣ ማለትም ሽያጩን የሚያጸድቀው ውል አዋዋይ፣ የገዢውንና የሻጩን ማንነት ያረጋግጣል፣ መዝገቡን ያያል፣ ውሉ በሕግ አግባብ መፈረሙን ይቆጣጠራል። ገለልተኛ ነው፣ የናንተ ጠበቃ አይደለም። ቤቱ ድረስ ሄዶ ምንጣፍ ገልጦ አያይላችሁም። ደግሞ ኖተሪ ፊት የሚደረሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀብዱ ያን ጊዜ ድሮ ተከፍሏል።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችሁ አንድ ነገር ብቻ ንገሩልኝ፦ ከኤጀንቱ እጅ ጠበቃ አትቀበሉ። ጉዳዩ የጠበቃዋ ጉብዝና አይደለም። በዓመት ሃያ ሰላሳ ደንበኛ ከአንድ ደላላ የምታገኝ ጠበቃ የሱን ሽያጭ ለማፍረስ እጇ ይያዛል። የራሳችሁን ፈልጉ፣ ቤት ለማየት ከመሄዳችሁ በፊት። ጠበቃችሁ ሳያነብ ምንም ወረቀት አትፈርሙ፣ «ቦታ መያዣ» ቢባልም፣ 500 ዩሮ ቢሆንም። ሌላ ገዢ ከሰዓት በኋላ ይመጣል ከተባላችሁ ይምጣ።

ጥሩ ኤጀንት የለም እያልኩ አይደለም። በዓመቱ ሌላ ቤት ገዛን፣ በሌላ ኤጀንት፣ በአንዲት ሴት በኩል። ገና ስንገናኝ «የሚከፍልሽ ማነው?» ስላት ቅር አላላትም። «ሻጩ ነው፣ ስለዚህ ዋጋ ላይ እኔን አታማክሩኝ» አለችን። የቤቱን ኖታ ሲምፕሌና የጋራ መዋጮ እዳ እንደሌለበት የሚያሳየውን ማስረጃ ቁልፉን ከማሳየቷ በፊት ላከችልን። ጠበቃችን አንድ ሳምንት ወሰደ፣ እሷም ጠበቀች።

ጋዜጣችሁ የውጭ አገር ቤት ማስታወቂያ ያወጣል፣ ስለዚህ እናንተንም ይመለከታል። ማስታወቂያውን ስትቀበሉ ሁለት ነገር እንዲጻፍበት ጠይቁ፦ አገሩ ፈቃድ የሚያስገድድ ከሆነ የኤጀንቱን የፈቃድ ቁጥር፣ እና ኮሚሽኑን የሚከፍለው ማን እንደሆነ። ሁለት አጭር መስመር ነው። አስነጋሪው ይሄን ለመጻፍ ካልፈለገ ለምን እንዳልፈለገ ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ