የከብት ጋጣ እንዳለ የፍየል ቤት አይሆንም

ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ፍየል ማርባት ሲጻፍ ዝርያውና መኖው ይነሳል፣ ቤቱ ግን ይዘለላል። ባዶ የቀረ የላም ጋጣ ጠርጎ ፍየል ማስገባት ቁጠባ ይመስላል። ይሁንና ጋጣው የተሠራው ለከብት ነው፤ ወለሉ የጎደጎደና እርጥብ፣ ግድግዳውም ብዙ ጊዜ እስከ ጣሪያው ድረስ የተመረገ ነው። ፍየል የምትሻው ግልባጩን ነው፤ ከታች ደረቅ፣ ከላይ ክፍት። ደረቅ እስከሆነች ድረስ ብርዱን ትችለዋለች፤ እርጥበትና የታፈነ አየር ግን ሳንባዋን ይጎዳል።

አካፋ ከመነሳቱ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ አለበት። በዚያ ጋጣ ወይም በደጃፉ ድንገት ወድቆ የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም የፈሰሰው ከብት ነበር? ከነበረ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ጀርሙ በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፣ ቆፋሪውንም ይይዛል። እንዲህ ያለውን ጋጣ ሳይነኩ የአካባቢውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ነው፤ ቦታ መቀየርም ሊመጣ ይችላል። ይህን ጥያቄ አዲስ ገዢ ለጎረቤት ሽማግሌዎች ቢያቀርብ ይሻለዋል፤ ሻጩ ላያስታውስ ይችላል።

እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ሽንትና እበት የጠጣውን አፈር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጠርቦ ማውጣት፣ ከግድግዳው የላላውን ምርጊት አራግፎ እንደገና መምረግ፣ ከደረቀ በኋላ ኖራ መቀባት። መዥገርና ቁንጫ የሚደበቁት በስንጥቁ ውስጥ ነው። ሽቦ፣ የወለቀ ምስማርና ፌስታል አንድ ሳይቀር ይለቀም። ፍየል ያገኘችውን ታኝካለች፤ ግድግዳ ላይ የተረሳ የገመድ ቀለበትም አንገቷን ያንቃል። ምሰሶ በተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባም አለ። መሬት ውስጥ በሚቀበረው ክፍል ላይ ብቻ ይሁን፤ አፏ የሚደርስበት እንጨት አይቀባ።

አሁን ወደ ወለሉ። 4 በ6 ሜትር የሆነ ጋጣ እንውሰድ። በአንዱ ረጅም ግድግዳ በኩል 1 ሜትር ለመመገቢያ መተላለፊያ ሲተው 18 ካሬ ሜትር ይቀራል። 15 ካሬው ለ12 እናት ፍየሎች ይሆናል፣ ለእያንዳንዷ 1.25 ማለት ነው። ቀሪው 3 ካሬ ለ10 ግልገሎች። አውራው ለብቻው ከ2 ካሬ የማያንስ ክፍል ከውጭ ይቀጠልለት። መጨናነቅ የሚጀምረው አሥራ ሦስተኛዋን «ይህቺ ትንሽ ናት» ብሎ ከማስገባት ነው።

ርብራብ ወለል፣ ማለትም በጠጡ እንዲወርድ ክፍተት እየተተወ የተመታ የእንጨት ወለል፣ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቢሠራ ከሥሩ ገብቶ መጥረግ ይቀላል። ነገር ግን የድሮ ጋጣ ወራጁ ብዙ ጊዜ ከመሬት ከ2 ሜትር አይርቅም፤ 1 ሜትሩ ከተወሰደ አላቢዋ አጎንብሳ ትቀራለች። ጣሪያ ከማፍረስ ርብራቡን ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ፣ ለመጥረግ ተነስቶ በሚመለስ ቁራጭ መሥራት ይረክሳል። 1 በ1.5 ሜትር የሆኑ 12 ቁራጮች 18 ካሬውን ይሸፍናሉ፣ አንዱንም ሁለት ሰው ያነሳዋል። ባለ 4 በ5 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ (አራት ማዕዘን ተደርጎ የተሰነጠቀ እንጨት) በ1.5 ሜትር ተቆርጦ፣ 5 ሴንቲ ሜትሩ ወደ ላይ ሆኖ ይመታል። በሞራሌዎቹ መሃል ለትልልቆቹ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ (የግንባታ ብረት)፣ ለግልገሎቹ ባለ 12 ፌሮ እንደ መለኪያ አስገብቶ መምታት ነው። እንዲህ ሲሆን ለትልልቆቹ በአንድ ቁራጭ 15፣ ለግልገሎቹ 16 ሞራሌ ይገባል፤ በጠቅላላው 182። ክፍተቱ ከፌሮው ውፍረት ከሰፋ ሰኮና ይገባና እግር ይሰበራል፤ ከጠበበ በጠጡ አይወርድም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ልኩ ይበላሻል፤ አድርቆ መምታት ነው። ሞራሌ የማይገኝ ከሆነ የተፈለጠ አጣና ይሆናል፣ ጠፍጣፋው ፊት ወደ ላይ። ያኔ ክፍተቱ ወደ ታች እየሰፋ ስለሚሄድ በጠጡ አይሰነቀርም። ድቡልቡል አጣና ግን እንደነበረ ሲደረደር ሰኮና ያንሸራትታል።

ቁራጮቹ የሚያርፉበት አግዳሚ በየ75 ሴንቲ ሜትሩ ይሁን። የአግዳሚውን እግሮች ከመቅበር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ማቆም ይሻላል፣ ምስጡ ሲወጣ ይታያል። ከሥር ያለው መሬት በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር እያዘቀዘቀ ወደ ቦይ ይፍሰስ። በነፋስ ወገን ያለው የርብራቡ ሥር ይዘጋ፤ ከታች የሚነፍሰው ግልገሉን ያሳምማል።

ግድግዳው ከርብራቡ በላይ 1 ሜትር ድፍን ሆኖ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ግማሽ ሜትር ያህል ይከፈት፣ በጠንካራ የሽቦ ወንፊት ወይም ተጠጋግቶ በተመታ እንጨት ይሸፈን። ክፈፉ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ካልወጣ ክረምቱ ይገባል። ጅቡን ፈርቶ ይህን ክፍተት መድፈን የተለመደ ስሕተት ነው። ጅብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከበሩና ከግድግዳው ግርጌ ነው፤ ግርጌው ዙሪያውን 50 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ ድንጋይ ይሞላ። አየሩ በቂ መሆኑን ለማወቅ ማለዳ በሩን ከፍቶ ወዲያው በፍየሏ አፍንጫ ቁመት ቁጢጥ ማለት ነው። ዓይን ከቆጠቆጠ ክፍተቱ አንሷል ወይም ከሥር ያለው ፍግ ቆይቷል። ቆሞ የሚያሸት ሰው ሊያመልጠው ይችላል።

በሩ 1.20 ሜትር ይስፋ፤ ያረገዙት ሲጋፉ ሆዳቸው ይጨመቃል። መቀርቀሪያው ከውጭ ሆኖ በሽቦ ወይም በቁልፍ ይታሰር፤ ፍየል ተራ መቀርቀሪያ በከንፈሯ ትከፍታለች። ግርግሙ በመተላለፊያው በኩል ሆኖ ለአንዷ 40 ሴንቲ ሜትር ይመደብ፤ ለ12ቱ 4.80 ሜትር ነው። ቀንድ ላላት ፍየል ጭንቅላት የሚያስገባ ግን ቀንድ የማያስወጣ ክፍተት ማታ ሳይታይ የሚገድል ወጥመድ ነው።

ሥራው ከጥቅምት በኋላ ቢጀመር እንጨቱም ምርጊቱም ይደርቃል። ምርጊቱ ገና እርጥብ ሳለ መንጋው ከገባ ግን ጭቃውን ይልሰዋል፣ በቀንዱም ያፈርሰዋል።

አንድ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ