የቅዳሜው ውይይት፦ ኮሺባ እና ኒውትሪኖ

ሰላም ጎረቤቶች፣ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት አያት ኮንዶሚኒየም ኮሙናሉ ውስጥ እንገናኝ። ርዕሱ የጃፓናዊው ፊዚሲስት የማሳቶሺ ኮሺባ የምርምር ሕይወት ነው። ሰውዬው ካሚኦካ በሚባል የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ከመሬት በታች፣ 3,000 ቶን ውሃ የሚይዝ ታንከር አስገንብቶ ፕሮቶን (የአቶም እምብርት ውስጥ ያለ ቅንጣት) ሲፈርስ ለማየት ይጠብቅ ነበር። እሱን አላገኘም። በ1987 እ.ኤ.አ. ግን ከፈነዳ ኮከብ የመጡ 11 ኒውትሪኖዎች (ከሌላ ነገር ጋር እምብዛም የማይነካኩ በጣም ጥቃቅን ቅንጣቶች) ተያዙለት፤ በ2002 ኖቤል ተጋራ። ዕድል ነው የምትሉ ተዘጋጁ፣ እኔ አልስማማም፤ መሣሪያውን ኒውትሪኖ እንዲይዝ ቀድሞ አሻሽሎት ነበርና።

ወንበር ከየቤታችሁ ያዙ፣ ዲቫይደር ያለውም ያምጣ። እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ (የኮከብ መመልከቻው) ስለመሄድም እንወስናለን። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ፤ ልጆች ካሉ ስንት እንደሆኑም ጨምሩ።