የሜዳውን በር ይክፈቱልን
ለከተማችን የስፖርትና የመናፈሻ ስፍራዎች ቢሮ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ስለ አንድ የሲሚንቶ ሜዳ ነው። ከመናፈሻው ጀርባ ያለው፣ ድሮ ለቅርጫት ኳስ የተሠራው ሜዳ። እዚያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሥራ በኋላ፣ ሮለር ስኬቲንግ፣ ማለትም ጎማ ባለው ጫማ መንሸራተት፣ እንጫወት ነበር። አሁን በሩ ተቆልፏል። ከቁልፉ በላይ «ከ18 ዓመት በላይ መጫወት አይፈቀድም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ወረቀቱን የለጠፈው ሰው ክፉ አስቧል አልልም። ስኬቲንግ የልጆች ነው ብሎ ነው። እኔም እስከ 37 ዓመቴ ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ለመሆኑ አዋቂ ሰው አዲስ ጓደኛ የት ነው የሚያገኘው? ተማሪ እያለን አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ይበቃን ነበር። ከዚያ በኋላ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ነው። ወደ ሜዳው መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ፣ ከሥራ ጉዳይ ውጭ ከሰው ጋር የልቤን ካወራሁ ወራት አልፈው ነበር። ጫማውን አጥልቄ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። መንቀሳቀስ አልቻልኩም። እናቴ የሚሆኑ አንድ ሴት ወደ እኔ መጡ። «ጉልበትሽን አጠፍ አድርጊ፣ ወደ ኋላ አትደገፊ» አሉኝና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ሙሉ ክብደቴን ለእሳቸው ተውኩት። ሁለት ዙር አዞሩኝ። በሦስተኛው ለቀቁኝ።

ስኬቲንግ ላይ የማይወድቅ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚማሩት መሄድ ሳይሆን መውደቅ ነው። ወደ ፊት፣ በጉልበት መከላከያው ላይ ይወድቃሉ። ከዚያ ወዲያው ጣትዎን ይጨብጣሉ፣ ከኋላ የሚመጣው ጎማ እንዳይሄድበት። ከኋላ ያለው ሰውም ዓይኑ እርስዎ ላይ ነው። ሰው ፊት እየወደቁ ትልቅ ሰው መምሰል አይቻልም፤ ያ ነገር ገና በመጀመሪያው ቀን ያልቅለታል። አንድ ሐኪም አብሮን ይጫወታል። ሥራ ቦታው ባገኘው «ዶክተር» ብዬ ነበር የምጠራው። እዚህ ግን ወደ ኋላ መሄድ የሚያስተምረው የ22 ዓመት የጋራዥ ሠራተኛ ነው፤ ሐኪሙም «እሺ፣ እሺ» እያለ ይሰማል።

ሌላም ነገር አለ። ሁላችንም የምንዞረው በአንድ አቅጣጫ ነው፣ ጎን ለጎን ሆነን። ፊት ለፊት ተቀምጦ ማውራት የሚከብደው ሰው፣ ጎን ለጎን እየሄደ ይቀለዋል። ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሰው ለወራት እየመጣ ዝም ብሎ ይዞር ነበር። ማንም አላስጨነቀውም። አንድ ምሽት አጠገቤ ሆኖ ሲዞር ስለ እሷ ማውራት ጀመረ። ስንት ዙር እንደሄድን አላውቅም። ብቻ መብራቱ እስኪጠፋ አልቆምንም።

ከእኛ መሃል አንዱ ሁለት ጊዜ ከቀረ ይደወልለታል። ሲታመም የሚጠይቀው አለው። ይሄ ሁሉ የመጣው ከዚያ ሲሚንቶ ነው።

ጨዋታው ከመነሻውም ለልጆች ብቻ አልነበረም። ሰውነትን በማዘንበል የሚታጠፈውን ባለ አራት ጎማ ጫማ ጄምስ ፕሊምፕተን የሚባል አሜሪካዊ በ1863 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ፣ ያሰበው አዋቂዎች አብረው የሚዝናኑበትን ነገር ነበር። መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1963 እ.ኤ.አ.፣ ሌጀር ስሚዝ የተባለ ስኬተር ለጥቁሮች መብት በተጠራው ታላቅ ሰልፍ ላይ ለመገኘት ከቺካጎ እስከ ዋሽንግተን በሮለር ጫማ ሄዷል። አሥር ቀን ገደማ ፈጀበት። ይህንን ሰው ሳስበው ሁሌም ይደንቀኛል።

ከመንግሥት ጋር መስማማትም ይቻላል። በፓሪስ አርብ ማታ ብዙ ሕዝብ በሮለር ጫማ ከተማውን ያቋርጣል፤ ፖሊስ መንገድ ይከፍትላቸዋል። ከፖሊሶቹም በሮለር ጫማ የሚያጅቡ ነበሩ። በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሙዚቃ ከፍተው የሚጨፍሩት ስኬተሮችም ቦታቸውን ላለማጣት በ1995 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬም እዚያው ናቸው።

«ሌላ ቦታ ተጫወቱ» ሊሉን ይችላሉ። ሞክረናል። የመኪና መንገድ ሻካራ ነው። ጎማችን ትንሽ ስለሆነ አንዲት ጠጠር ቀጥ አድርጋ ታቆመዋለች፤ ሰውነት ግን አይቆምም። ለስላሳ ጎማ ይረዳል፣ ለጀማሪ ግን አይበቃም። አንድ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ስንጫወት ጥበቃዎች አስወጡን። በሌላ ቀን አንዷ ጓደኛችን ጉድጓድ ውስጥ ገብታ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሰዎች አንድ በአንድ መቅረት ጀመሩ። እውነቱን ልንገርዎ፣ የሚያስፈራኝ ስብራቱ አይደለም። አንጓ ይድናል። የሚያስፈራኝ ዝም ብሎ የቀረው ሰው ነው። ያ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ስልኩን አያነሳም።

አዲስ ሕንጻ አንጠይቅም። ልጆቹ ወደ ቤት ከገቡ በኋላ፣ በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ በሩ ይከፈትልን። ሜዳውን እኛ እንጠርጋለን። ስንጥቁንም ከኪሳችን አዋጥተን እንሞላለን። ሄልሜትና የእጅ አንጓ መከላከያ ያላደረገ ሰው አናስገባም፤ ይህንን በጽሑፍ እንፈርማለን። ሙዚቃችን ጎረቤት የሚረብሽ ከሆነ እንቀንሳለን። የጎደለ ነገር ካለ ይንገሩን፣ እናሟላለን።

ከመወሰንዎ በፊት ግን አንድ ምሽት መጥተው ይዩን። ጫማ ማድረግ የለብዎትም። አጥሩ ጋ ቆመው ቢያዩን በቂ ነው።

እጃቸውን የሰጡኝ ሴት ትናንት ደውለው ነበር። «በሩ ተከፈተ ወይ?» አሉኝ። «ገና ነው፣ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው» አልኳቸው። መልስዎን ሁለታችንም እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሜዳው ስኬተሮች አንዷ